መጀመሪያ የሚዘገየው ምት፦ ፀረ-ድብርት መድኃኒቶች በአንጎል ኒውሮኖች ላይ የሚያደርጉት

ለድብርት የታዘዘ ኪኒን በተዋጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱ ከደም ወደ አንጎል ተሻግሮ ዒላማው የሆነውን ፕሮቲን ይይዛል። በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ሥራው የተጀመረው በዚያው ቀን ነው። ሕመምተኛው ግን ከአልጋ መነሳት የከበደው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበት ሁኔታ ቀለል ማለቱን በቅጡ የሚያስተውለው ከሁለት፣ ከሦስት፣ አንዳንዴም ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። «አንጎልህ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል አንሷል፤ ኪኒኑ ይሞላልሃል» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ይህን የጊዜ ክፍተት ሊያስረዳ አይችልም። ጉድለቱ የሚሞላ ጉድለት ቢሆን ኖሮ፣ ጥም በውኃ እንደሚቆረጥ ሁሉ መሻሻሉም በቀናት ውስጥ መታየት ነበረበት።

ለክፍተቱ ከቀረቡት ማብራሪያዎች መካከል በሙከራ በደንብ የተፈተነው ከማንኛችንም ግምት ተቃራኒ በሆነ ነገር ይጀምራል። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሴሮቶኒን አመንጪ የሆኑትን ኒውሮኖች ያዘገያል እንጂ አያነቃቃም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር በአብዛኛው አንጎሉ ራሱ ለዚህ መዘግየት የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ነገሩን ለመከተል ኒውሮን የሚባለው የነርቭ ሕዋስ እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። ኒውሮን በዕረፍት ላይ ሳለ የውስጡ ኤሌክትሪካዊ ኃይል ከውጪው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ከሌሎች ሕዋሳት የሚደርሱት መልእክቶች ይህን ልዩነት ሲያጠቡትና የተወሰነ ደፍ ላይ ሲያደርሱት፣ በሽፋኑ ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው አንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ የሚቆይ የኤሌክትሪክ ምት ይለቀቃል። ምቱ በቀጭኑ የሕዋሱ ክር ላይ እስከ ጫፍ ይሮጥና እዚያ የተከማቸውን ኬሚካላዊ መልእክተኛ ሲናፕስ ወደሚባለው ጠባብ ክፍተት ያስለቅቃል። ምቱ ራሱ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አለ ወይም የለም። ስለዚህ ኒውሮን የሚናገረው በምቱ ብዛትና አደራደር ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ መታ፣ በእኩል ርቀት መታ ወይስ በአንድ ጊዜ አከታትሎ ለቆ ዝም አለ የሚለው ነው መልእክቱ።

በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ ኒውሮኖች መካከል ሴሮቶኒንን መልእክተኛቸው ያደረጉት ከጥቂት መቶ ሺህ አይበልጡም። አብዛኞቹ የሚገኙት የአንጎል ግንድ በሚባለው ክፍል መካከለኛ መስመር ላይ፣ ራፌ በሚል ስም በሚታወቁ ስብስቦች ውስጥ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ክሮቻቸው ተበታትነው የአንጎልን ሁሉንም ክፍል ለማለት ይቻላል ያዳርሳሉ። የምታቸው ጠባይም ለብቻው ነው፦ ንቁ በሆነ እንስሳ ውስጥ በሰከንድ ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ያህል፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል ርቀት ጠብቀው ይመታሉ። እንቅልፍ ሲመጣ ይቀንሳሉ፤ ሕልም በሚበዛበት፣ የዓይን ብሌን በሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ምዕራፍ ደግሞ ፈጽመው ዝም ለማለት ጥቂት ይቀራቸዋል። ኤሌክትሮዱን ወደ ጥልቅ የአንጎል ክፍል ያስገባ ተመራማሪ የሚፈልገውን ሕዋስ ማግኘቱን የሚያውቀው ከዚህ ዝግ ያለና የማይዛነፍ ምት ነው።

የተለቀቀው ሴሮቶኒን በሲናፕሱ ውስጥ ለዘለዓለም አይቆይም። በለቀቀው ኒውሮን ሽፋን ላይ የተተከለ አጓጓዥ ፕሮቲን መልሶ ወደ ውስጥ ይመጥጠዋል፤ በዚህም መልእክቱ ይዘጋል፣ ኬሚካሉም እንደገና ለሥራ ይዘጋጃል። ከፀረ-ድብርት መድኃኒቶች መካከል በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራም፣ ፓሮክሴቲንና መሰሎቻቸው የሚይዙት ይህን አጓጓዥ ነው። በሰዎች ላይ በተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶች እንደታየው፣ በተለመደው ዝቅተኛ የሕክምና መጠን ከአጓጓዦቹ 80 በመቶ ያህሉ ይያዛሉ። ይህን ቁጥር አንባቢ ያስታውሰው፤ መድኃኒት ስለ ማቆም ስንነጋገር እንመለስበታለን።

የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ ራሱ ከንድፈ ሐሳብ የተነሳ አልነበረም። በ1950ዎቹ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው አይፕሮኒያዚድ ታማሚዎችን ያልተጠበቀ ደስታና ንቃት ሲሰጣቸው ታየ። በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ ሐኪሙ ሮላንድ ኩን ስኪዞፍሬኒያን ያክማል ተብሎ የቀረበለትን ኢሚፕራሚን ሲሞክር መድኃኒቱ የጠቀመው በድብርት የተያዙትን ሆኖ አገኘው። ለምን እንደሠሩ የታወቀው በኋላ ነው። ጁሊየስ አክስልሮድ ኒውሮኖች የለቀቁትን ኬሚካል መልሰው እንደሚመጥጡና ኢሚፕራሚን ይህን እንደሚከለክል አሳየ፤ ለዚህ መስክ ባበረከተው ሥራም በ1970 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ፍሉኦክሴቲን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1987 መጨረሻ ሲሆን፣ «የሴሮቶኒን እጥረት» የሚለው አነጋገር ከሐኪሞች መጽሔት ወጥቶ በሰው አፍ የገባው በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፍሬኑ

መልሶ መምጠጡ ሲታገድ በክፍተቱ ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን ይጨምራል፤ እስከዚህ ድረስ የተለመደው ማብራሪያ ትክክል ነው። የሚዘነጋው ነገር ሴሮቶኒን ከክሩ ጫፍ ብቻ ሳይሆን በራፌው ውስጥ፣ በሕዋሱ አካል ዙሪያም የሚለቀቅ መሆኑ ነው። አጓጓዦች በብዛት ያሉትም እዚያው ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ሲገባ ሴሮቶኒን መጀመሪያና በኃይል የሚያሻቅበው አመንጪዎቹ በሰፈሩበት ቦታ ነው። በእነዚህ ሕዋሳት አካል ላይ ደግሞ የገዛ ኬሚካላቸውን የሚያዳምጡ ተቀባዮች አሉ፤ በሙያው ቋንቋ 5-ኤችቲ-1ኤ ይባላሉ። ሴሮቶኒን ሲያርፍባቸው ከሽፋኑ በስተውስጥ ባለ ፕሮቲን አማካይነት የፖታሲየም በሮችን ያስከፍታሉ፤ አዎንታዊ ሙል ያለው ፖታሲየም ወደ ውጪ ይወጣል፤ የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ አሉታዊ ሆኖ ከደፉ ይርቃል፤ ምቱም ይቀንሳል። በድምፅ ማጉያ የሚናገር ሰው የገዛ ድምፁ በጆሮው ሲጮኽበት ሳያስበው ዝቅ አድርጎ እንደሚናገር ያለ ነው። ሕዋሱ የሰማው «ብዙ ተናግረሃል» የሚል መልእክት ነውና ዝም ይላል።

ይህን በመጀመሪያ ግልጽ ያደረጉት በአይጦች አንጎል ውስጥ የነጠላ ኒውሮንን ምት የቀዱ ተመራማሪዎች ናቸው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የሠራው ጆርጅ አጋጃኒያን በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤልኤስዲ የተባለው ቅዠት አምጪ ዕፅ የራፌን ኒውሮኖች ምት እንደሚያቆም አሳይቶ በሩን ከፍቶ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ በሞንትሪያል ክሎድ ደ ሞንቲኚ እና ፒየር ብሊየር ለዚህ ጽሑፍ ዋና የሆነውን ጥያቄ አነሡ፦ መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሕመምተኛ እንደሚወስደው ለቀናትና ለሳምንታት ሲሰጥ ምቱ ምን ይሆናል? ለአይጦች ሲታሎፕራም በየቀኑ ሲሰጥ በሁለተኛው ቀን የራፌ ኒውሮኖች ምት በእጅጉ ወርዶ ተገኘ። በሰባተኛው ቀን በከፊል አገገመ። በአሥራ አራተኛው ቀን ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት እንስሳት ጋር እኩል ሆነ። ይህ የቀን መቁጠሪያ ሕመምተኞች መሻሻል ከሚያዩበት ጊዜ ጋር መቀራረቡ ከማንም ዓይን አላመለጠም።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የተለወጠው ፍሬኑ ነው። ያለማቋረጥ በሴሮቶኒን የተጥለቀለቁት ተቀባዮች እየደነዘዙ ይሄዳሉ፤ ሴሮቶኒን ቢያርፍባቸውም የፖታሲየም በሩን እንደ ቀድሞው አያስከፍቱም። በክሩ ጫፍ ላይ የሚለቀቀውን መጠን የሚቆጣጠሩ ሌሎች ተቀባዮችም ተመሳሳይ መላላት ያሳያሉ። እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እያንዳንዱ ምት የሚለቀው ሴሮቶኒን በሲናፕሱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ረዝሟል፤ ነገር ግን የምቶቹ ቁጥር ስለቀነሰ አንዱ ያተረፈውን ሌላው ይበላዋል፤ በፊተኛው የአንጎል ክፍል የሚታየው ጭማሪ መጠነኛ ነው። ፍሬኑ ከላላ በኋላ ምቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ መምጠጡ ግን እንደታገደ ነው፤ ያን ጊዜ ጭማሪው ሙሉ ይሆናል። ልብ ማለት የሚገባው፣ ሕክምናው የሠራለት አንጎል ውስጥ እነዚህ ኒውሮኖች ከመደበኛው በላይ አይመቱም። የሚመቱት እንደ ድሮው ነው፤ የተለወጠው እያንዳንዱ ምት የሚያሳድረው ጫና ነው።

ጥሩ ንድፈ ሐሳብ የሚፈተንበትን መንገድ ራሱ ያሳያል። መዘግየቱ የመጣው ከፍሬኑ ከሆነ፣ ፍሬኑን ከመጀመሪያው ቀን በሌላ መድኃኒት መዝጋት ሳምንታቱን ማሳጠር አለበት። በ1994 በባርሴሎና ፍራንሴስክ አርቲጋስና ባልደረቦቹ ይህን በሰዎች ላይ ሞከሩት፤ ለደም ግፊት የሚሰጠውና በአጋጣሚ 5-ኤችቲ-1ኤን የሚዘጋው ፒንዶሎል ከፀረ-ድብርት መድኃኒት ጋር ተደርቦ ተሰጠ። የመጀመሪያው ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር። በኋላ የመጡት ሙከራዎች ግን ተለያዩ፤ ገሚሶቹ ፈጣን መሻሻል አዩ፣ ገሚሶቹ ምንም ልዩነት አላገኙም። የአንጎል ምስል ጥናቶች ሲደረጉ በሙከራዎቹ የተሰጠው መጠን ከተቀባዮቹ ጥቂቱን ብቻ እንደሚይዝ ታወቀ። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ ተረጋገጠ ወይም ወደቀ ለማለት አስቸጋሪ ሆኖ ቀረ፤ በግሌ ይህ ክፍል ከጠቅላላው ታሪክ ይበልጥ ትምህርት ያለው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በአይጥ አንጎል ውስጥ እንደ ሰዓት የሠራ ሐሳብ በሰው መድኃኒት መጠን ላይ ሲደርስ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚደበዝዝ ያሳያል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከላይ የተጠቀሱት ቅጂዎች በአብዛኛው በማደንዘዣ በተኙ አይጦች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ በጤናማም ሆነ በታመመ ሰው ራፌ ውስጥ ኤሌክትሮድ ተክሎ ለሳምንታት መቅዳት አይታሰብም። የመዘግየቱም ነገር ቢሆን እንደሚባለው ፍጹም አይደለም። በኦክስፎርድ ካትሪን ሃርመርና ባልደረቦቿ ያደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሰው ስሜቱ ተሻሽሏል ብሎ ከመናገሩ ብዙ ቀን ቀድሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በወሰደው መድኃኒት እንኳ የሰዎችን ፊት የሚያነብበት መንገድ ይለወጣል፤ ወደ አሉታዊው ያዘነብል የነበረው ትኩረት ይቀንሳል። ከዚህ አንጻር ሳምንታቱ ባዶ መጠበቂያ አይደሉም። ዓለምን በተለየ ዓይን ማየት የጀመረ አንጎል፣ ያን አዲስ እይታ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ እያጠራቀመ ወደ ስሜት የሚለውጥበት ጊዜ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱ ማብራሪያዎች አይጣሉም፤ አንዱ ስለ ሕዋስ፣ ሌላው ስለ አእምሮ ይናገራል።

ጎረቤቶቹ

የሴሮቶኒን ኒውሮኖች ለብቻቸው አይኖሩም። በአንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሊየስ በሚባል ትንሽ ስፍራ ኖርአድሬናሊን አመንጪዎች አሉ፤ ንቃትንና ትኩረትን ይመራሉ፤ የራሳቸው ፍሬንም አላቸው። ሚርታዛፒን የተባለው መድኃኒት አጓጓዥ ፕሮቲንን አይነካም፤ የሚዘጋው ይህንኑ የኖርአድሬናሊን ፍሬን ነው፤ በዚህም የኖርአድሬናሊን ኒውሮኖች ሲፈቱ የሴሮቶኒኖቹንም ምት ከፍ ያደርጉታል። በተቃራኒው ሴሮቶኒንን ብቻ የሚነኩት መድኃኒቶች በአይጦች ላይ ለሳምንታት ሲሰጡ የሎከስ ሴሩሊየስን ምት ይቀንሳሉ፤ ከሽልማትና ከተነሣሽነት ጋር የተያያዘውን ዶፓሚን በሚያመነጩ ኒውሮኖችም ላይ ተመሳሳይ ቅነሳ ታይቷል። አንዳንድ ታማሚዎች ኀዘኑ ቢለቃቸውም ጉልበታቸውና ተነሣሽነታቸው አለመመለሱን፣ ደስታቸውም እንደ ኀዘናቸው መደንዘዙን ሲናገሩ፣ ተመራማሪዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ሐኪሞች አንድ መድኃኒት በከፊል ሲሠራ በሌላ ሥርዓት ላይ የሚሠራ ሁለተኛ መድኃኒት የሚደርቡበት አንዱ መነሻም ይኸው ነው።

መልእክቱን የሚቀበሉት ኒውሮኖች ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። ሴሮቶኒን አሥራ አራት ያህል ዓይነት ተቀባዮች አሉት፤ ገሚሶቹ የተቀባዩን ሕዋስ ምት ሲያፍኑ ሌሎቹ ያነሣሣሉ፤ ሁለቱም በአንድ ሕዋስ ላይ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት «መድኃኒቱ የአንጎልን እንቅስቃሴ ይጨምራል» ወይም «ይቀንሳል» የሚል ጥቅል አነጋገር ትርጉም አልባ ነው። ከዚያም በላይ፣ ምቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚከተል ዘገምተኛ የግንባታ ሥራ አለ፦ በአይጦች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ከትውስታ ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍል ውስጥ አዳዲስ ኒውሮኖች መወለዳቸው ይጨምራል፣ የነርቭ ሕዋሳትን እድገት የሚደግፈው ቢዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲንም ይበረታል። በ2021 የወጣ የፊንላንዶች ሥራ መድኃኒቶቹ የዚህን ፕሮቲን ተቀባይ በቀጥታ ሊይዙ እንደሚችሉ አመልክቷል፤ ይህ እውነት ከሆነ ሴሮቶኒን ከተዋናዮቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይሆንም።

የሳምንታቱን ነገር ከሥሩ ያናጋው ግን ኬታሚን ነው። ለረጅም ዘመን ማደንዘዣ ሆኖ ያገለገለው ይህ መድኃኒት፣ በዝቅተኛ መጠን በደም ሥር ሲሰጥ ድብርትን በሰዓታት ውስጥ እንደሚያቀል በ2000 የታተመ ትንሽ ጥናት አሳየ፤ በ2006 የወጣው ተከታይ ሥራ ደግሞ በሌሎች መድኃኒቶች ባልዳኑ ሰዎች ላይ ይህንኑ አረጋገጠ። ኬታሚን የሚዘጋው የግሉታሜትን ተቀባይ ነው፤ ግሉታሜት ደግሞ በአንጎል ውስጥ ዋነኛው አነሣሽ ኬሚካል ነው። አነሣሹን የሚዘጋ መድኃኒት እንዴት ያነቃቃል? አንደኛው መልስ፣ በዝቅተኛ መጠን ቀድሞ የሚይዘው በፍጥነት የሚመቱትን አፋኝ ኒውሮኖች ነው የሚል ነው፤ አፋኞቹ ሲዳከሙ በእነሱ ሥር የነበሩት ትልልቅ ኒውሮኖች ነፃ ወጥተው ምታቸውን ያበዛሉ።

ሌላኛው መልስ የመጣው በ2018 ከቻይና ነው። ሃይላን ሁ እና ባልደረቦቿ የድብርት ዓይነት ጠባይ በሚያሳዩ አይጦች ላይ ሃቤኑላ የሚባለውን ትንሽ የአንጎል ክፍል መረመሩ። ይህ ስፍራ ያልተሳካን ነገርና የቀረን ሽልማት የሚያስታውቅ ሲሆን፣ የዶፓሚንና የሴሮቶኒን ማዕከሎችን ያፍናል። በእነዚህ አይጦች ውስጥ የሃቤኑላ ኒውሮኖች እኩል ርቀት ጠብቀው ከመምታት ይልቅ ምቶችን በዘለላ አከታትለው ሲለቁ ተገኙ፤ ኬታሚን ደግሞ ዘለላውን በደቂቃዎች ውስጥ በተናቸው። እዚህ ላይ ጥያቄው ስንት ጊዜ መታ ከሚለው ወደ እንዴት ባለ ስልት መታ ወደሚለው ተሻገረ። ከኬታሚን የተገኘው ኤስኬታሚን በአፍንጫ የሚነፋ ሆኖ በአሜሪካ በ2019 ተፈቅዷል፤ የደም ግፊትን ስለሚጨምርና ከራስ የመለየት ስሜት ስለሚያስከትል የሚሰጠው በጤና ባለሙያ ክትትል ሥር ብቻ ነው።

እንግዲህ «እጥረት» የሚለው ነገር ምን ቀረው? በ2022 በጆአና ሞንክሪፍ መሪነት የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ ድብርት በሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል። ብዙ ሰዎች ከዚህ ተነስተው መድኃኒቶቹ አይሠሩም ወደሚል ድምዳሜ ዘለሉ። ይህ ግን አይከተልም። በ2018 የታተመና በ522 ሙከራዎች የተሳተፉ 116,477 ሰዎችን ያካተተ ትንታኔ፣ የተመረመሩት 21 መድኃኒቶች በሙሉ ከማስመሰያ ኪኒን የተሻሉ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ብልጫው በአማካይ መጠነኛ መሆኑም አብሮ መነገር አለበት። አንድ መድኃኒት በሽታውን ባላመጣው መንገድ ገብቶ ሊረዳ ይችላል። የራፌው ታሪክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፦ መድኃኒቱ ሥርዓቱን ይገፋዋል፣ ሥርዓቱ ራሱን እንደገና ያስተካክላል፣ ጥቅሙም የሚመጣው ከዚያ ማስተካከያ ነው።

ማስተካከያው ለጥቅሙ ብቻ ሳይሆን ለችግሮቹም ምክንያት ነው። ማቅለሽለሽ፣ መረበሽና የእንቅልፍ መዛባት ከጥቅሙ ቀድመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጡት ሥርዓቱ ገና ስላልተላመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንት በሁለት ሳምንት ይቀንሳሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ያወጣውና በ2007 እስከ 24 ዓመት ወዳሉ ወጣቶች ያሰፋው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ማስጠንቀቂያ በተለይ በጅማሬና መጠን በሚለወጥበት ጊዜ ቅርብ ክትትልን የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ማቆምም እንዲሁ ነው። ለወራት ከመድኃኒቱ ጋር ተላምዶ የቆየ አንጎል ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥበት ማዞር፣ ብስጭት፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ በጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ሊያስከትል ይችላል። ከሰውነት በአንድ ቀን ገደማ ግማሹ በሚወጣው ፓሮክሴቲን ይህ ይበረታል፤ ራሱም ሆነ በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ንጥረ ነገር ለቀናትና ለሳምንታት በሚቆየው ፍሉኦክሴቲን ግን ይቀላል። ቀደም ሲል አስታውሱት ያልነው 80 በመቶ እዚህ ላይ ይመለሳል። የመድኃኒቱ መጠንና የሚይዛቸው አጓጓዦች ብዛት በእኩል እርምጃ አብረው አይወርዱም። ሲታሎፕራምን ከ40 ሚሊግራም ወደ 20 የቀነሰ ሰው ግማሹን ቢተውም የተያዙት አጓጓዦች የሚቀንሱት በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ከ5 ሚሊግራም ወደ ዜሮ ሲወርድ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። መድኃኒቱን ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ሲቀንሱ የቆዩ ብዙ ሰዎች መንገዱ ሁሉ ቀሎላቸው በመጨረሻዋ ትንሽ ቁራጭ ላይ የሚቸገሩት፣ እርምጃውም ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እያነሰ እንዲሄድ የሚመከረው ለዚህ ነው።